መምህር ጌጡ ያስተማረኝ ቂም

እህቴ ከሸዋሮቢት ደውላ «መምህር ጌጡ ማጀቴ ከተማ አረፈ» ስትለኝ «እሰይ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ ብዬ አላስተባብልም፤ አስቤ ነው ያልኩት። እህቴ ደንግጣ «ምነው አንቺ፣ የሞተ ሰው እኮ ነው። ብቻውን ከሚኖርበት ኪራይ ቤት ነው አሉ ያገኙት» አለችኝ። «እንግዲህ ብያለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ መሥራት አቃተኝ። የያዝኩትን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወጣሁና ከምሠራበት ሆስፒታል ግቢ አንድ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእሱ አለቀስሽ እንዳትሉኝ። ለማን እንዳለቀስኩ ነገሩን ስጨርስ ትፈርዳላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። አባቴን እስኪሞቱ ድረስ አንቱ ስል ነው የኖርኩት። መምህር ጌጡንም ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ ልጅ ሳለሁ እንዲያውም ከልቤ ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም። ይህችን ያህል እንኳ ይፈቀድልኝ።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው ከአንኮበር በላይ ካለው ደጋ ወደ እኛ ቆላ፣ ወደ ሸዋሮቢት የወረደው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገተ ሰበር ሰው ነበር። የሮቢትን ሙቀት አንድም ቀን አልለመደውም። ሰሌዳውን በመሐረቡ ይጠርግና በዚያው መሐረብ ላቡን ይጠርጋል። ግንባሩ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ የሚስቅ ተማሪ ግን አልነበረም። መልስ ያጣ ልጅ «አላውቅም» ካለው «እሺ፣ አለማወቅህን በደንብ አድርገህ አስረዳኝ» ይለዋል። ቀልድ አይደለም፣ እስኪያስረዳው ቆሞ ይጠብቃል።

«ማን አዘዘው?» የምትል አባባል ነበረችው። ጥፍር ጥፍር የሆነው ለምንድን ነው? ማን አዘዘው? የአባትህ ፀጉር ሲሸብት ጥቁሩን ማን አስቆመው? አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አህያ ስታናፋ ንግግሩን አቋርጦ «ማን አዘዛት?» አለና ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን የምሩን ነው የጠየቀው። መልሱን እስክናገኝ ደወል ተደወለ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ወድጄዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ አስገብቶ በተራ በተራ ሲያሳየን፣ እኔ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ልጅ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር ማሳችን ስሸከም ያደግኩት ሽንኩርት ውስጥ ያ ሁሉ ቤት በግድግዳ ተያይዞ መደርደሩን አይቼ ቀኑን ሙሉ እህል አልበላሁም። «ዘይነብ ሁሴን፣ አንቺ ዓይን አለሽ» አለኝ። በስሜ ከጠራኝ ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነው።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር፣ ነገሩ እዚያ ነውና። በኛ አገር እሾህ የማይወጋው ሰው የለም። ግራሩ፣ ቁርቁራው፣ አጋሙ ሁሉ እሾህ ነው፤ የጎማ ጫማ አልፎ ነው የሚወጋው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር ካየ እሾህ ተሰብሮበት ነው ይላል እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቡም አይመጣለትም። ሁሉም እሾህ ማውጣት ይችላል፤ የተሰበረና የጠለቀ እሾህ ማውጣት ግን የአባቴ ነበር። ወረንጦአቸውን በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። በገበያ ቀን ከማንጎው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ የሰውየውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው «ቢስሚላህ» ይላሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከቀወት ገጠርም ከአሊዩ አምባም ይመጣል። ክፍያ ብለው አያውቁም። «ለአላህ ነው» ይሉ ነበር።

የመምህር ጌጡ ሚስት እትዬ የሺ ይባላሉ። ከእናቴ ጋር ማሾ እየለቀሙ ሲስቁ ድምፃቸው መንገድ ላይ ይሰማ የነበረ ሴት ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። መምህሩ ይዟቸው አባቴ ዘንድ መጣ። አባቴ በወረንጦ፣ በመርፌ ፈለጉት። እሾህ የሚባል አልወጣም፤ ጥቁርና ደም ብቻ ወጣ። ሁለተኛም መጡ፣ ሦስተኛም መጡ። በመጨረሻ ቅቤ አፍልተው አንጠባጠቡበት። ቁስሉ አልድን አለ። ከዚያ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት አበጠ። ንፍፊት ከእሾህ ቁስል ይመጣል ብለን ነው የምናውቀው፣ ማንም አልደነገጠም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲደርሱ ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል ተባለ። አስከሬናቸው በጭነት መኪና ጣርማበርን ወርዶ መጣ።

«የጌጡን ሚስት እሾህ አውጪው ገደላት» የሚል ወሬ ከቀብሩ ቀድሞ ሮቢት ደርሶ ነበር። የሟች ወንድሞች ጠመንጃ ይዘው ከደጋ ወረዱ። እንግዲህ ደም መመለስ ማለት በኛ አካባቢ ጨዋታ አይደለም። እናቴ በር ዘግታ እኔንና እህቴን አቅፋ ተቀመጠች። አባቴ ግን ውጭ ከማንጎው ሥር ቁጭ አሉ። መምህር ጌጡ የሚስቱን ወንድሞች መንገድ ላይ አግኝቶ «ደሟን የምመልሰው እኔ ነኝ። እናንተ ሂዱና ገብሳችሁን ጠብቁ» ብሎ መለሳቸው። አገሩ አመሰገነው፤ ይቅር አለ ብሎ። ሽማግሌዎች ካህኑም ሼኹም አንድ ላይ ሆነው ለእርቅ ቢሄዱ ግን «አልነካውም፣ አልታረቅምም» አላቸው።

በዚያ ጊዜ ለመምህራን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። እያንዳንዱ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ አረፈድኩ፣ የትምህርት ዕቅዴን ዘግይቼ አስገባሁ፣ እያለ። የኔው ጌጡ ተነሳና «በአንድ ሰው ላይ ቂም ይዣለሁ፣ ለማሻሻልም አላሰብኩም» አለ አሉ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብሎ ይጻፈው? «የጠባይ ችግር» ብሎ አለፈው። ይህን የነገረን አንድ ሌላ መምህር ነው፣ ሮቢት በሙሉ ስቆበታል። እኛ ቤት ብቻ አልሳቅንም።

አሥረኛ ክፍል ስገባ መምህር ጌጡ የኔን ክፍል ለምኖ ወሰደ። መለመኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጉድ በሉ።

አንድ ቀን መጽሐፉን ከፍቶ ዘጋውና «ዛሬ የማስተምራችሁ እዚህ ውስጥ የለም» አለ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበውን በራሱ አማርኛ አላምጦ ነው የሚሰጠን። «እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ። የዓይንም፣ የጉበትም፣ የተረከዝም መጽሐፍ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተገልጧል፣ የትኛው ተዘግቷል ነው። ገጹ ጂን ይባላል። ገላጭና ዘጊ አለው» አለን።

ቀጠለና ስለ ቆዳ ቀለም ነገረን። «ቀለም የምትሠራዋ ሕዋስ መጀመሪያ መንገደኛ ነበረች። በእናት ማኅፀን ውስጥ ከጀርባ በኩል ተነስታ እስከ ቆዳ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ የመንገዱ ገጽ ይዘጋባታል፣ ጎረቤትሽን ያዢ የሚለው ገጽ ይገለጥላታል። የጎረቤቷን እጅ ይዛ ትኖራለች። የመንገዱ ገጽ ግን አልተቀደደም፣ ተዘግቶ ነው ያለው። አንድ ቀን ዘጊው ይሳሳታል። የመያዣው ገጽ ይዘጋል፣ የድሮው የመንገድ ገጽ ይገለጣል። ያኔ የጎረቤቷን እጅ ትለቅና ሌላ እጅ ትይዛለች፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን። በዚያ ገብታ ትሄዳለች። ንፍፊት ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ ቤት ትሠራለች። ሜላኖማ ይባላል። ጥቁር ሰው ላይ እግር መርገጫው ላይ መውጣት ይወዳል።»

ስለ ማን እንደሚያወራ ሁሉም ገብቶታል። እኔም ገብቶኝ አዘንኩለት። ሚስቱን እያስተማረን መሰለኝ።

«አንዳንድ ጊዜ ደግሞ» አለ «ዘጊው ሳይሳሳት ሰው ይሳሳታል። ውጡ።»

ግቢ አወጣን። አሥራ ሁለት ተማሪ እጅ ለእጅ አያያዘና «እናንተ ቆዳ ናችሁ» አለ። ከዚያ የሰሌዳ ማመልከቻ ዘንጉን ለእኔ ሰጠኝ። «ዘይነብ ሁሴን፣ ነይ። አንቺ መርፌ ነሽ። እጃቸውን በጥሺ።» ክብር መስሎኝ እየሳቅኩ ገባሁ። ዘንጉን በእጃቸው መሐል ሳስገባ ልጆቹ እየጮሁ፣ እየሳቁ ተበተኑ። አንዱ እስከ ግቢው በር ሮጠ። እሱ አልሳቀም።

«ማን በተናቸው?»

«ዘይነብ» አሉ ሁሉም።

«ዘይነብ የማን ልጅ ናት?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከእኔ በፊት ለእነሱ ገባቸው። ከኋላ አንዲት ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «የጋሽ ሁሴን፣ የእሾህ አውጪው» አለች። «ጥሩ። ግቡ» አለና ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ። ዘንጉ እጄ ላይ እንዳለ ግቢው መሐል ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «የሁሴን ልጅ» ነው የሚለኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ የአንዲት አሮጊት እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ወረንጦአቸውን ይዘዋል። ቦርሳዬን ሳላወርድ «አባዬ፣ የእትዬ የሺ ተረከዝ ላይ የነበረው እሾህ አልነበረም። እርስዎ በመርፌ ነክተው ነው የበተኑት» አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ። በሰው ፊት መሆኑን እንኳ አላስተዋልኩም። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ማን አለ?» አሉ። «ጋሼ ጌጡ።» የአሮጊቷን እግር ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። «እትዬ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ጤና ጣቢያ ያዩልዎት» አሏቸው። ወረንጦውን ከአንገታቸው አውልቀው፣ ከመርፌውና ከምላጩ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከተው ጣራው ሥር ሰኩት። ከዚያ በኋላ አላወረዱትም።

እሾህ ማውጣቱን ማቆማቸውን ሰው እንደ እምነት ቃል ወሰደው። «ባይገድል ኖሮ ለምን ይተዋል?» ተባለ። አባቴ ገበያ ሲያልፉ ሴቶች የልጆቻቸውን እግር በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰላምታቸው አጠረ፣ ድምፃቸው አነሰ፤ መስጊድም ኋላ ኋላ ነው የሚሰግዱት። እኔ ደግሞ በልቤ አንድ ነገር ያዝኩ፤ ይህን መምህር አገኘዋለሁ። ሰው ለዕውቀት ጓጉቼ ተማርኩ ይላል። እኔ የተማርኩት በቂም ነው። ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ ሲመጣብኝ «የማን ልጅ ናት?» ያላትን አስባለሁ፣ እንቅልፌ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ገብቼ የላቦራቶሪ ሙያ ተማርኩና ከሕመምተኛ የተቆረጠ ሥጋ ለምርመራ የሚዘጋጅበት ክፍል ሥራ ያዝኩ። ሥጋውን በስሱ ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ፣ መስታወት ላይ አድርጌ ለምትመረምረው ሐኪም የማቀርበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከገበሬ ተረከዝ የተወሰደ ጥቁር ነገር መጣ። አዘጋጅቼ ሰጠኋት። አየችውና «ይኸው፣ ጎረቤቶቿን ለቃ ስትወርድ» ብላ አሳየችኝ። «ዶክተር፣ መርፌ ከነካት ትበተናለች የሚባለው እውነት ነው?» አልኳት።

ሐኪሟ ሳቀች። «እኛስ በምን ቆርጠን ነው የምንመረምረው? በምላጭ አይደለም እንዴ? መርፌ አይደለም የሚያስለቅቃት። ጂኖቿ ከውስጥ ሲያዟት ነው የምትለቀው። ከታዘዘች ማንም ሳይነካት ትሄዳለች። የሚገድለው ሳይታወቅ የሚባክነው ጊዜ ነው።» ሁለቴ አስደገምኳት። ሦስተኛውን ጽፌ ያዝኩት።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ ተሳፈርኩ። ደብረ ሲናን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን የጻፍኩትን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። ሮቢት ስወርድ አንዱ ባለ ባጃጅ «ወደ ጋሽ ሁሴን ሰፈር?» አለኝ፤ አውቆኝ ነው። «አይ፣ ወደ መምህራን ሰፈር» አልኩት።

ከሰዓት ነው። መምህር ጌጡ በረንዳው ላይ እግሩን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ ፈተና ያርማል። ሸብቷል፣ ከስቷል። «የሁሴን ልጅ» አለኝ። ተቀመጪም አላለኝ፣ እኔም አልተቀመጥኩም። «ጋሼ፣ አንድ ያስተማሩኝን ትምህርት ላርም መጣሁ» አልኩት። ጂኑን ነገርኩት፣ የገጾቹን መገለጥና መዘጋት ነገርኩት፣ የሕዋሶቹን እጅ መያያዝ ነገርኩት፤ በራሱ አነጋገር፣ በራሱ ቃል። «መርፌ ማንንም አይበትንም። እትዬ የሺን የአባቴ እጅ አልገደላቸውም። አሥራ ሁለት ልጅ ፊት የዋሹት እርስዎ ነዎት» አልኩና ጨረስኩ። ሳምንቱን በሙሉ ነው ያንን ንግግር ያዘጋጀሁት።

እሱ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘ ሰማኝ። «ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ትክክል ነው» አለ። «የጎደለው የለም። የአዲስ አበባው ሐኪም እንዲሁ ብሎኛል፤ ሳትቀበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ ነው መርፌ ያደረጉኝ?»

«እያወቅኩ።»

ይክዳል ብዬ ነበር የመጣሁት። ሲክድ ላዋርደው ነበር። አመነና ሁሉንም አበላሸብኝ። ቢቸግረኝ በአሽሙር ልወጋው ፈለግኩ። «ታዲያ የቀረችዎት አንዲት ነገር ናት። ጊዜውን ያባከኑት ሁሴን ናቸው ይበሉ እንግዲህ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባትሽ አልነገሩሽም?»

«ምኑን?»

እግሩን ከሳፋው አወጣ። ውሃው በረንዳው ላይ ፈሰሰ። «በመጀመሪያው ቀን አባትሽ በወረንጦው ነክተው ተዉትና ‹መምህር፣ ይሄ እሾህ አይደለም። እሾህ ይቆረቁራል፣ ይሄ ለስላሳ ነው። ሐኪም ይያት› አሉኝ። ገበያ ነበር፣ ሰው ከቦናል፣ ተማሪዎቼም አሉ። የሰው ገላ የማስተምር ሰውዬ እሾህ የሚያወጣ ገበሬ ሊያርመኝ? ‹ጋሽ ሁሴን፣ ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ እሾህ ነው፣ ጠለቅ ያድርጉት› አልኳቸው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጎትቼ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አልፈልግም ስትል እግሯን የያዝኩትም እኔ ነኝ።»

እኔን አያይም ነበር። «ለቤታቸው እንኳ የነገሩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለሽማግሌዎቹም አልተናገሩም?»

«ለማንም አልተናገሩም።»

«ስምንት ዓመት» አለ። «በየቀኑ ዛሬ ይናገራሉ ስል ነበር። ቢናገሩ እክዳለሁ፣ ክጄም የባሰ እጠላቸዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ እኔ እናገረዋለሁ» አልኩት። «ነገ ገበያ ነው። ከማንጎው ሥር ቆሜ ለአገሩ በሙሉ እናገራለሁ።» የሚያርመውን ወረቀት አንስቶ ያየው ጀመር፤ ተገልብጦ ነበር የያዘው። ወጥቼ ስሄድ ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መንገዱን በሩጫ ነው የጨረስኩት።

አባቴ ከማሳ ተመልሰው እግራቸውን እየታጠቡ አገኘኋቸው። ደኅንነታቸውን ሳልጠይቅ፣ ጉንጫቸውን ሳልስም ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ነገርሽው?» አሉ።

«ነገርኩት።»

«በአፉ አመነ?»

«አመነ። ነገ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ይሰማል።»

«ያ አላህ» ብለው ቁጭ አሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን የሮቢት ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ያያቸው ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም። «አባዬ፣ ለምን ዝም አሉ? ገዳይ ሲባሉ፣ ወረንጦዎን ሲጥሉ፣ ለእኔ እንኳ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ሚስቱ የተቀበረች ሰሞን» አሉ «ሮቢ ሞልቶ ነበር። ሽንኩርቱን ጎርፍ ወስዶብኝ እንደሆነ ለማየት ብወጣ እሱ ዳር ላይ ቆሟል። ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጧል፤ ራሱን ለጎርፉ ሊሰጥ እንደሆነ ገባኝ። መምህር ብዬ ጠራሁት። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። ድንጋይ አንስቶ ወረወረብኝ፤ ትከሻዬን ነካኝ። ሰደበኝ፣ አባቴን ሰደበ። ሲበቃው ጫማውን አጥልቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እኔን እስከጠላ ድረስ ቤቱ እንደሚገባ አወቅኩ።»

«እና ስምዎን ሰጡት?»

«ስሜን አላህ ያውቀዋል። ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልቤ እሾህ አይደለም እያለኝ፣ የተማረ ሰው አዘዘኝ ብዬ እጄ ታዘዘ። እሱን አንቺም አታነሺልኝም» አሉ። ተነሱ፣ በትራቸውን ያዙ። «ገበያ ላይ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ወላሂ አልቀበልሽም።» ወደ መምህራን ሰፈር አቅጣጫ ሄዱ። ልከተላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ።

መግሪብ ሊደርስ ሲል ተመለሱ። «ቤት ውስጥ ነው፣ ይሰማኛል። አልከፈተም» አሉ። «መምህር፣ እኔ ነኝ፣ ሁሴን ነኝ አልኩት። አልከፈተም። ሲጠላኝ እንኳ ጠዋት ጠዋት እዚህ በር ላይ ነበር የሚያልፈው፤ ሰላም ባይለኝም አልፎ ይሄዳል። አሁን ማንን ብሎ ይወጣል?»

በወሩ ዝውውር ጠይቆ ማጀቴ መሄዱን የሰማሁት አዲስ አበባ ሆኜ ነው። በዚያ ምሽት ግን ገና ተስፋ ነበረኝ፤ አባቴ ያመሰግኑኛል የሚል። ውሃ አቀረብኩላቸው። ለሶላት ሊታጠቡ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ «አባዬ፣ እኔ እኮ ይህን ሁሉ ለእርስዎ ብዬ ነው ያደረግኩት» አልኳቸው።

ቀና ብለው ደጁ ላይ እንደጣልኩት ያለውን የመንገድ ሻንጣዬን አዩ።

«ለኔ ብለሽ ቢሆን ኖሮ» አሉ «መጀመሪያ ወደ ቤትሽ ትመጪ ነበር።»